ግልባጭ ያልወጣለት ደብዳቤ

ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር ጀርባ ተሰጣጥተው አንድ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በደህና የተነጋገሩበትን ቀን ቁጠሪ ብትባል ከአንድ እጇ ጣት ይተርፋታል። ሥራው ውስጥ ያስገባት እሱ ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን እንኳ እንድትረሳው አድርጎ አያውቅም። ዘመድ በተሰበሰበበት «መኩሪያችን» ይላታል። ቢሮ ሲገቡ ሰላምታዋን እንኳ አይመልስም። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሠራተኛው በቅጽል ስም «ግልባጭ» ይለዋል። አንድ ፕሮግራም መልእክት ሲልክ፣ የኮምፒውተሩ አዛዥ የሆነው ከርነል መልእክቱን መጀመሪያ ወደ ራሱ ሜሞሪ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ነው ወደ ውጭ ለሚልከው ክፍል፣ ለኔትወርክ ካርዱ፣ የሚሰጠው። ያንን ኮድ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የጻፈው እሱ ነው። በር ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ ቃል በቃል እንደሚገለብጥ ጸሐፊ በሉት። ደብዳቤው ጥቂት ሲሆን ማንም አይጎዳም። በሰከንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን ማሽኑ ሌላ ሥራ ትቶ ሲገለብጥ ይውላል።

እሷ ግልባጩን አስቀረችው። ካርዱ በቀጥታ ከፕሮግራሙ ሜሞሪ አንብቦ እንዲልክ አደረገች። ሕጉ አንድ ነው፦ ከርነሉ «ጨርሻለሁ» እስኪል ድረስ ፕሮግራሙ እዚያው ሜሞሪ ላይ ሌላ ነገር አይጻፍ፤ ከጻፈ የሚሄደው አዲሱ ነው። ይህን በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ አስፍራ ሁሉንም አስፈረመች። ግልባጭ «ደግሞ የትናንት ልጅ ልታስተምረኝ» ብሎ ሳያነብ ፈረመ።

የአዲሱ መንገድ የሙከራ ሳምንት ዓርብ ያበቃል። ሥራዋ ካለፈ በቋሚነት ትቀጠራለች፤ ከወደቀ ወንበሯን ትለቃለች። ኃላፊዋ ቁርጡን ነግራታለች።

ሐሙስ ጠዋት ከግልባጭ መልእክት መጣላት። «ልጅቷ ለዚህ ሥራ አትበቃም። ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ እኔው ላስወጣት። የጀመረችውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ለቤተሰቡ የሚነገረውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትናንት ባሏ «ወንድሜ ይጠላሻል እንዴ?» ሲላት «ኧረ ጠባዩ ነው» ብላ ሸፍናለት ነበር፤ ከስድቡ ይልቅ እሱን መሸፈኗ አሳፈራት።

ከዚያ ሌላው ነገር ገባት። ደብዳቤው ለኃላፊዋ የተጻፈ ነው። እሷ ጋ ያመጣው የራሷ መንገድ ነው። ብታሳይ ሥራዬ ተበላሸ ማለቷ ነው፤ ብትደብቅ ደግሞ ነገ የስንት ሰው ምስጢር ለማያገባው ሰው ይደርሳል። ወረቀት ላይ አተመችውና ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ግልባጭም ተጠራ።

እፍረት የሚባል አልነካውም። እንዲያውም ፊቱ በራ። «አላልኩም?» አለ። «ለእርስዎ የላኩት እሷ ጋ ሄደ። በእኔ መንገድ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ መልእክት ተሳስቶ አያውቅም።»

«የመልእክት መላኪያውን ኮድ ይክፈቱልን፣ ጋሼ» አለችው የወንድሙ ሚስት።

ያ ፕሮግራም የእሱ ነው። መልእክት እየጻፈ ማጠራቀምና በአንዴ መልቀቅ ልማዱ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙንም ለዚያ አመቻችቶ ነበር የሠራው። ሁሉንም በአንድ ሜሞሪ ነው የሚያስተናግደው፦ የመጀመሪያውን ጽፎ ይልካል፣ መሄዱን ሳይጠብቅ ሁለተኛውን እላዩ ላይ ይጽፋል። ድሮ ግልባጩ ነበር ጉዱን የሚሸፍንለት። አሁን ግን ካርዱ ለእሷ የሚሄደውን ሊያነብ ሲመጣ የመጀመሪያው ጠፍቶ፣ ለኃላፊዋ የተጻፈውን ሁለተኛውን አገኘ።

ኃላፊዋ የመመሪያውን የመጀመሪያ ገጽ አወጣች። ሕጉን አነበበች፤ ጣቷንም ፊርማው ላይ አሳረፈች።

«ፈርመውበታል። አላነበቡትም?»

ግልባጭ ፊርማውን አይቶ ወረቀቱን መለሰላት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ኃላፊዋ። ቀጥላም ለልጅቷ ሊደርስ የነበረው መልእክት የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ግልባጭ የግል ነው ብሎ ተከላከለ። ፕሮግራሙ ግን የላከውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ኃላፊዋ ራሷ ከፍታ ድምጿን ሳትለዋውጥ አነበበችው።

«የኔ እህት፣ ነገ እንደምታልፊ አልጠራጠርም። ቤተሰቡ በሙሉ ኮርቶብሻል።»

የደብዳቤው ባለቤት ጫማውን ያይ ነበር።

ዓርብ ሙከራው አለፈ። የግልባጭ ፕሮግራም እስኪታረም በአሮጌው መንገድ፣ እየተገለበጠ ብቻ እንዲልክ ታዘዘ። ማረሙም ለራሱ ተሰጠ። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያነብ ከጀርባዋ ትሰማው ነበር፤ ወረቀቱን የሚገልጠው ሊቀደው በደረሰ እጅ ነው።

እሑድ አማቷ ቤት ምሳ ተሰበሰቡ። ግልባጭ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ብርጭቆውን ከፍ አደረገ፤ መኩሪያችን በቋሚነት ተቀጠረችልን፣ እኔም ከጀርባዋ ነበርኩ እያለ ጀመረ። አማቷ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ልጃቸውን መረቁት።

እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ሐሙስ ያተመችውን ወረቀት እንደታጠፈ አወጣች።

«ለቤተሰቡ የሚነገረውን ዛሬ ለእኔ ይተዉልኝ፣ ጋሼ» አለችና ወረቀቱን አማቷ እጅ ላይ አኖረችው።

አማቷ መነጽራቸውን ፈለጉ። ባሏ ነው ያቀበላቸው።