የጤና ኬላው የክርስትና እናት

የሸክላው ገንቦ በአዲሱ የጤና ኬላ በር ጉበን ላይ በቀይና ነጭ ጥብጣብ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የበቆሎ ጠላ ሞልተውበታል። ነፋስ በገፋው ቁጥር ዞር ይልና ይመለሳል፤ ኤርሜሊንዳ የእንጨት መዶሻዋን በሁለት እጇ ይዛ እሱን እሱን ታያለች። ከከተማ የመጣው ሹም ንግግር ከጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። መንግሥት ተራራውን አልረሳም ሲል ይህ አራተኛው ነው። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት፣ ቢረሳንስ ምን ነበር፣ ቢያንስ ፀሐይ ላይ አያቆመንም ነበር ብላ አጉረመረመች።

በዚህች የተራራ መንደር፣ በዋይራፓታ፣ አዲስ ቤት እንደ ልጅ ክርስትና ይነሣል። ገንቦውን የሰበረ ሰው ለቤቱ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሆናል፤ ቀድሞ የሚገባውም እሱ ነው። ገንቦው ሲሰበር ከጣሪያው ሥር የተገኘ ዕቃ ሁሉ የክርስትና ልጁ፣ የቤቱ፣ ንብረት ነውና ማንም አያወጣውም። ሌላው መንደር ለዚህ ማዕረግ የከተማ ትልቅ ሰው ይለምናል። ዋይራፓታ ግን በጉባኤ ኤርሜሊንዳን መረጠ። ሁለት በጋ ሙሉ ለጤና ኬላው ከወንዙ ድንጋይ ሲወጣ አንድ ቀን አልቀረችም። ለምን እንዳልቀረች የማያውቅ የለም፤ ልጇ ሉስሚላ ምጥ ጠንቶባት፣ በበር ሳንቃ ላይ ተጋድማ ወደ ከተማ ስትወርድ፣ መንገድ ላይ ከነፅንሷ ቀርታለች።

ንግግሩ የሚያልቅ አልመስል ሲላት እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። የጭነት መኪናው ሾፌር ከመኪናው ጀርባ ገመድ ይጠቀልላል። የማዋለጃውን አልጋ፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደርና ፅንስ የሚታይበትን መሣሪያ ጠዋት ያወረደው እሱ ነው።

«እናቴ፣ እባክሽ ቶሎ ስበሪውና እንሂድ» አላት በአገራቸው ቋንቋ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታችኛው ሸለቆ መድረስ አለብን። እዚያም በር ይመረቃል።»

«ገመዱ ለምንድን ነው?»

ሰውዬው የምታውቅ መስሎት ሳቀ። ለአልጋው ይህ ሦስተኛ መንደሩ ነው፤ ምረቃው ሲያልቅ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ የተሸፈነበትን ላስቲክ እንዳትነኩ የተባላችሁትም እንዳይጫር ነው አላት።

ኤርሜሊንዳ እጇን ሳትታጠብ ተመለሰች። የመንደሩን ሊቀመንበር ዶን ኤሌውቴሪዮን ከሕዝቡ መሃል በክንዱ ጎትታ አወጣችው። አበልጇ ነው፤ ሉስሚላን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። የሰማችውን ስትነግረው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ። ከሰኞ ጀምሮ ያውቃል። አፋችንን ከከፈትን በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣውን ነርስ ለሌላ መንደር ይሰጧታል አላት።

«ከምንም ይሻላል፣ አበልጅ።»

ከሹሙ ንግግር ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል አንጀቷን አቃጠለችው። በረዶ የመታውን ድንች ከምንም ይሻላል ብለው በልተዋል። አስተማሪ የሌለውን ትምህርት ቤት ከምንም ይሻላል ብለው አጨብጭበው ተቀብለዋል። እንዲህ እያሉ ትንሽ በትንሽ ምንም ወደ መሆን የመጡ መሰላት።

«ሳንቃውም ከምንም ይሻል ነበር» አለችው።

ስሟ ተጠራ። ሹሙ ለፎቶግራፍ እንዲመች ቀስ አድርጋ እንድትመታ በትሕትና መከራት። ኤርሜሊንዳ መዶሻውን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ አወረደችው። ገንቦው ብትንትን አለ፤ ጠላው በሹሙ ጫማ ላይ አረፋውን ደፋ፤ የመንደሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሰውዬው ጫማውን ሲያራግፍ እሷ ገብታለች።

ውስጡ ቀለም ቀለም ይሸታል። የአልጋውን ላስቲክ በእጇ ሞከረችው፣ እምቢ ሲላት በጥርሷ ቀደደችው። ከዚያ ከነበረባሶዋ፣ ከነጭቃዋ አልጋው ላይ ወጥታ በጀርባዋ ተጋደመች። ጀርባዋ በዕድሜው እንዲህ ያለ ልስላሴ አያውቅም፤ ይህም አናደዳት።

ሹሙ በመጀመሪያ ለፎቶ አንሺው ሲል ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳት ጀመር። ይህ ለማሳያ የመጣ ነው፤ የእነሱ ድርሻ በሚመጣው ዓመት በጀት ተይዟል፤ ፊርማው ሁሉ አልቋል።

«በሚመጣው ዓመት» አለች ጣሪያውን እያየች። «ልጄንም እንዲህ ልበላት ኖሯል? ምጥሽን ለሚመጣው ዓመት አቆዪው?»

ሴቶቹ በሩን ሞልተው ቆመዋል፤ ጥሩምባ ነፊው እንኳ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ አንገቱን አስግጓል። ሹሙ ከእሷ ጋር መነጋገሩን ተወና ወደ ዶን ኤሌውቴሪዮ ዞረ። ሁለት ሰው ጨምሮ አልጋውን ወደ መኪናው እንዲያወጣ አዘዘው። የነርሷ የምደባ ደብዳቤ ገና እንዳልተፈረመም አስታወሰው።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ዙሪያውን ቃኘ። ሊያግዘው ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ብቻውን መጥቶ በእግርጌ በኩል ቆመ፤ የአልጋውን ብረት ያዘ። ትንፋሹ ይሰማታል።

«የክርስትና ልጄን ዕቃ አንሣው እንግዲህ፣ አበልጅ» አለችው በዝግታ፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

ብረቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያነሣው እየሞከረ ይሁን ወይስ ተደግፎት እያለቀሰ፣ ጀርባዋ ሊለየው አልቻለም።