በሁለት ግማሽ የታተመው ሐብል

ብልህና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፤ ዓይን ያልለመደውን ውበት ባየ ጊዜ ከመደነቁ የተነሣ መጠየቅን ይረሳል፤ ሳይጠይቁ ከመታዘዝ የሚወለደውም ኀዘን እጅግ መራራና ጽኑ ነው።

በአንኮበር ከተማ አጽቀ ማርያም የሚባል፣ በጥበቡ የተከበረ፣ በዕድሜውም የገፋ አንጥረኛ ነበረ። ወይዘሮ የሺመቤት የሙት ልጅ የሆነችውን የእኅታቸውን ልጅ ወለተ ጻድቅን ሊድሩ በተነሡ ጊዜ፣ ከእናቷ የቀረላትን ብቸኛ ቅርስ፣ አንድ ጥንድ የወርቅ አምባር፣ ከፈረንሳይ ነጋዴ ከገዙት የታተመ የጌጥ ንድፍ ጋር ሰጡትና «አቅልጠህ ልክ በወረቀቱ እንዳለው ሐብል አድርግልኝ» አሉት። እርሱም ለደከመ ዓይኑ ሳይራራ፣ ከጠጉር የቀጠነውን የኅትመት መስመር አርባ ቀን ሙሉ ተከትሎ፣ በቀኝ የወይን ሐረግና ዘለላ፣ በግራ ክንፉን የዘረጋ ወፍና ጽጌረዳ ቀርጾ፣ ሚዜዎች ደጅ በቆሙበት በሠርጉ ዕለት ረፋድ ይዞ ቀረበ።

ወይዘሮ የሺመቤት ሐብሉን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «ምነው አጽቀ ማርያም! የልጄ ግራና ቀኝ ትከሻ ተጣልተዋል ብለው ነገሩህ እንዴ?» ሲሉ ደንገጡሮቻቸው ሳቁ።

«እመቤቴ፣ ልክ በወረቀቱ እንዳለው ነው። እኔም ግር ብሎኝ ነበር፤ የባሕር ማዶ ጥበብ ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

ከነጋዴው ጋር ለሠርጉ የመጣው አስተርጓሚ ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ ከንድፉ ሥር ያለውን ጽሕፈት አነበበና ምንጣፉ ላይ አኑሮት ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ ይህ እኮ ሁለት ሐብል ነው። ወረቀት ለመቆጠብ ግማሽ ግማሹን አጋጥመው ያትሙታል፤ ሠሪው አንዱን ይመርጥና ሌላውን ወገን በዚያው አምሳል ይሞላዋል።»

«እንግዲያስ ሙሽራው ሦስት ቀን ይታገሥ፤ አቅልጠህ እንደገና ሥራው» አሉ ወይዘሮ።

አጽቀ ማርያም ግንባሩን ከምድር አስነካ። «አልችልም፣ እመቤቴ። የመጨረሻዋን ቅጠል የጨረስኋት በጣቴ ዳብሼ ነው። አሁን ፊትዎን እንኳ አላየውም።»

ሙሽራዪቱ ቀርባ ሐብሉን በመዳፏ ያዘችው። «አባባ፣ እናቴ በየትኛው በኩል ናት? በቀኝ እጇ ታጠልቀው የነበረው አምባር የገባው በየትኛው ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ፤ ሁለቱንም አምባር ባንድነት አቅልጬዋለሁ።»

እርሷም ሐብሉን በጉልበቱ ላይ አኖረችና፣ አንገቷ ባዶውን እንደ ሆነ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወደሚጠብቋት ሚዜዎች ወጣች። ሽማግሌው ወረቀቱን ከምንጣፉ ላይ ፈልጎ አገኘና ሐረጉንና ወፉን በጣቱ ሊያገኛቸው ቢዳብስ፣ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ሆነበት። የሰው ልጅ መከራው ባለማየቱ ብቻ አይደለም፤ ያየውን ሁሉ በማመኑም ነው እንጂ።