የቅሬው ገንዘብ

የሻረግ ቀኑን ልብ ያለችው ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ከሰረዘች፣ የስንዴ ተቀባዮች ዝርዝርም በቀበሌው መጋዘን በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነበር። ከባንክ የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ኡሙልኸይር ታሂር፣ 312 ብር፣ መጨረሻ የገባው ነሐሴ 13።» ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ወር በገባ በ12 ይሰበሰባል፤ መዋጮው በማግስቱ ባንክ ይገባል። ነሐሴ 12 እሷም ሁለት ብሯን በእጇ ሰጥታለች።

ባንኩ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ለቅሬ ማኅተም ከየት ይምጣ ተባለና ደብተሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ባመናት በጎረቤቷ በኡሙልኸይር ስም ተከፈተ። የሻረግ እናቷን የቀበረችው በዚያ ገንዘብ ነው። ደብተሩ የቅሬው መሆኑን አልረሳችውም፤ ስትሰርዝ አላሰበችውም እንጂ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ እሸት ባልታየበት በ77 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ጸሐፊ ሆና «ባንክ ገንዘብ ያለውን ከእርዳታ ስንዴ ሰርዢ» ስትባል፣ ስም ከስም እያስተያየች ሰረዘች።

ኡሙልኸይር ሁለቱን የልጅ ልጆቿን አስከትላ፣ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ መጣች።

«ጓድ ጋሹ፣ ገንዘቡ እኮ የቅሬው ነው።»

«ዛሬማ ባለ ደብተሩ ሁሉ የቅሬ ሆኗል» አለ ሊቀ መንበሩ። ሰልፉ ሳቀ። «ይልቅ አውጥተሽ አትበይውም?»

«የሬሳ ገንዘብ? አስተግፊሩላህ! በልቼው ነገ አንተን በምን ልንቀብርህ ነው?»

ሰልፉ ይበልጥ ሳቀ። ጋሹ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«የቅሬው መሆኑን የሚያውቅ ካለ ይመስክር። የመሰከረውን ግን ከመንግሥት ገንዘብ ደብቋል ብዬ እጽፈዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ከሰልፉ ግማሹ የቅሬው አባል ነበር። ለየሻረግ የሚመጣው ሁሉ ታያት፦ ፖሊስ ጣቢያው፣ ከሥራ መባረሩ፣ ሦስት ልጆቿ በሰው ደጅ። መዝገቡ ላይ አቀርቅራ የተሰመረ መስመር ደግማ አሰመረች። ኡሙልኸይር አንዴ አየቻት። ስሟን ግን አልጠራችም።

«የሚያውቅስ አላህ ያውቃል» ብላ ልጆቹን ይዛ ሄደች።

ሲመሻሽ የሻረግ ከራሷ ስንዴ አንድ ጣሳ በነጠላዋ ሸፍና ኡሙልኸይር በር ላይ ቆመች።

«ያንቺ ልጆችስ?» አለቻት ኡሙልኸይር።

«ይበቃናል፣ እትዬ።» ውሸቷን ነበር።

«ነገ ትናገሪልኛለሽ?»

የሻረግ ጣሳውን ወደ እሷ ዘረጋች። ኡሙልኸይር ስንዴውን ገልብጣ ባዶውን ጣሳ መለሰችላት።

«ለልጆቹ ብዬ ነው የተቀበልኩሽ» አለች ሳትቆጣ፤ በሩንም ዘጋች።

የሻረግ መቀርቀሪያው ሲገባ እስክትሰማ ድረስ ከደጁ አልተንቀሳቀሰችም።