ለስምንተኛው ቅጽ የተሰጠ ፍርድ

ታናሽ ወንድሜ በጠፈር ላይ ስለሚዋጉ መርከበኞች ተከታታይ ልብ ወለድ ይጽፋል። እያንዳንዱን ቅጽ አሳታሚው ከማየቱ በፊት ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝ። ሕጋችን አንድ ነው፤ እሱ "ቆይ ላስረዳሽ" ብሎ ያቋረጠኝ ገጽ ይቀደዳል። ማብራሪያ የሚፈልግ ገጽ በራሱ እግር አይቆምማ። እስከ ሰባተኛው ቅጽ ድረስ ስንቱን ቀደድነው።

ትናንት ከምሳ በኋላ ስምንተኛውን አምጥቶ ሰጠኝና ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ማንበብ ጀመርኩ። የመርከቧ አዛዥ እንደ ልማዷ ተከበበች፤ እንደ ልማዷም አመለጠች። ደግማ ተከበበች፤ ደግማ አመለጠች። እኔ ማዛጋቴን እየዋጥኩ ነው የማነበው፤ እሱ ግን አንዴም አላቋረጠኝም። "ዝና አገኘሁ ብሎ ማስረዳቱን ንቆ ተኩራርቶብኛል" ብዬ ደሜ ፈላ። ዛሬስ ሳልምረው እነግረዋለሁ ብዬ ቀና ስል፣ ደራሲያችን አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት።

"የት ደረስን እታለም?" አለ ዓይኑን እያሸ።

የወረቀቱን ክምር እንዳለ ደረቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ገና አልጀመርንም" አልኩት። "ተነስና ጻፍ።"