የሙቅቢል ኮርማ

ሙቅቢል ኮርማውን እየጎተተ መጥቶ በሱልጣኑ ደጃፍ ላይ አረደው። በዚያ አገር ኮርማ የታረደበት ቤት እምቢ አይልም፤ ነፍሰ ገዳይም ቢሆን ያስጠጋል እንጂ አሳልፎ አይሰጥም። ሙቅቢል ደግሞ በእርግጥ ገድሏል። የኤደን እንግሊዞች በአዲሱ መንገዳቸው የውኃ ጉድጓዱን ቢደፍኑበት፣ መኪና ነጂያቸውን ተኩሶ ጣለው። ሱልጣን ሀይሠም ወጥተው ደሙን አዩ። የሙቅቢልን እጅ ይዘው በዘበኛቸው በዑበይድ መዳፍ ላይ አኖሩት።

"በከለላዬ ነህ" አሉት። "ዋስህም ይኼ ነው።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሙቅቢል ነፍስና የዑበይድ ስም አንድ ላይ ታሰሩ። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ አውሮፕላን መጥቶ ወረቀት በተነ። ሰውዬው በሦስት ቀን ካልተሰጠ ከተማዋ ትደበደባለች ይላል፤ ያውም እንዴት ባለ ጨዋ አረብኛ! ሰዉ ልጁንና ፍየሉን ይዞ ዋሻ ገባ። ዑበይድ ግን ጌታው ቃላቸውን እንደማያጥፉ እርግጠኛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሱልጣኑ አስጠሩት። የእንግሊዙ ሹም መኪና ከደረቁ ወንዝ ማዶ ቆማለች።

"ውሰድና አስረክበው" አሉት፣ ሳያዩት።

"ጌታዬ፣ ኮርማው ታርዶ? በከለላዬ ነህ ብለውት?"

"እኔ ራሴ በእንግሊዝ ከለላ ነው ያለሁት፣ ልጄ። አባቴ ውሉን ፈርመውልኛል።"

ዑበይድ ሊናደድ ፈለገ፤ ንዴቱ አልመጣ አለው። ወደ ግቢው ወረደ። ሙቅቢል ጥላ ስር ተቀምጦ ተምር ይበላ ነበር። ተነስ፣ ወንዙን እንሻገር አለው።

"ከማን ጋር?"

"ከእኔ ጋር።"

"ካንተ ጋር ከሆነማ ምን አለብኝ" ብሎ ሳቀ። ከዋሱ ጋር የሚሄድን ሰው የሚነካ ይኖራል ብሎ እንዴት ያስብ! መንገድ ላይ ተምር አካፈለው። ዑበይድም በላ፤ ጣዕሙን አላወቀውም።

የሹሙ ወታደሮች እጁን ሲያስሩት ሙቅቢል አልታገለም። አንድ ነገር ይላቸዋል ብሎ ዑበይድን ብቻ ያየዋል። ዑበይድ ፊቱን አዙሮ ወንዙን መልሶ ተሻገረ።

አውሮፕላኑ አልተመለሰም። ሰዉ ልጁም ፍየሉም ሳይጎድልበት ከዋሻ ወጣ፤ ዑበይድን ግን ቀና ብሎ ያየው የለም። ቤቱ ሲገባ እናቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ሰላም አላት። ለባዕድ ወንድ እንደምታደርገው ሻሿን ስባ ፊቷን ሸፈነች።

"ልጄ ቤት የለም" አለችው። "ሲመጣ ይመለሱ።"

ዑበይድም እሺ ብሎ ወጣ።