ቀይ የተቀቡት ረድፎች

ነስሪን ከነቀምቴው ቢሮ በባጃጅ ጉቶ ጊዳ ወዳለው የቡና ማድረቂያ ጣቢያ ስትደርስ፣ የማድረቂያ አልጋዎቹን ተቆጣጣሪ ተናኜን ከአልጋዎቹ ርቃ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ጆንያ ስትሰፋ አገኘቻት። ከነቅርፊቱ የሚሰጣውን ጀንፈል ቡና ሳይደርቅ በጆንያ አስከትታ የደረቀውን ፀሐይ ላይ በመተዋ፣ ሥራ አስኪያጁ አበጋዝ ከእንግዲህ አልጋ እንዳትነካ ነግሯታል።

ነስሪን ነገሩን መንገድ ላይ ገምታዋለች። የየአልጋውን እርጥበት ከመለኪያው ወስዶ በየጠዋቱ በቴሌግራም ሪፖርት የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። በቢሮ ልማድ ያልደረቀውን ረድፍ ቀይ፣ የደረቀውን አረንጓዴ ቀብታዋለች። የዓምዶቹን ርእስ ግን መለኪያው እንደሰጣት በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ትታዋለች። ጣቢያው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው።

ተናኜ አጠገብ ተቀመጠች። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤታሞች ናቸው፤ የነስሪን እናት ሱቅ ስትውል ልጅቷን ያሳደገቻት ተናኜ ናት። ሪፖርቱ የተጀመረ ሰሞን ስልኳን ለሠራተኛው ሁሉ እያሳየች «የኔ ልጅ ናት የምትልከው» ትል እንደነበር ነስሪን ሰምታለች።

«አዮ፣ ቀዩን ለምን አነሳሽው?» አለቻት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እናት የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ቀይ የደረሰ ነዋ። አረንጓዴ ቡና ለቅሞ የሚከት ማን አለ?» ተናኜ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካችው። «እጄስ አልደረቀም ብሎኝ ነበር። ግን አንቺ ነሽ የላክሽው፤ እንዴት አላምን?»

ነስሪን ተነስታ ወደ አበጋዝ ገባችና ጥፋቱ የቀለሙና የርእሱ፣ ማለትም የእሷ መሆኑን ነገረችው። ገዢ ቀለም ማን ቀባው ብሎ አይጠይቅም እያለ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ግን ቡናው ካልሻገተ ተናኜ ወደ አልጋዎቿ ትመለስ አለ።

ነስሪንና ተናኜ ጆንያዎቹን ፈቱ። ተናኜ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ከሥር ዘግና አሸተተች። ሞቋል እንጂ አልሻገተም። ሁለቱም መልሰው አልጋው ላይ ማስጣት ጀመሩ። ጥቂት እንደቆዩ ነስሪን እርጥቡ ምን ቀለም ቢሆን እንደሚሻል ጠየቀቻት።

«የውሃ ነዋ፣ ሰማያዊ። የደረቀው ቡናማ ይሁን። ቀይ የሚባል አታምጪብኝ።»

በማግስቱ የወጣው ሪፖርት ርእሱ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ነበር፤ «ገና ይሰጣ»፣ «ይነሳ» ይላል። የመጨረሻው ዓምድ ግን ቀለምም ቁጥርም የለውም። ርእሱ «በእጅ ሲዳሰስ» ነው። አበጋዝ ፕሮግራሙ ይህን መሙላት ረስቷል ብሎ ደወለ። ነስሪን ያ ዓምድ ከተናኜ እጅ ነው የሚመጣው አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የተናኜ የድምፅ መልእክት ገባ።

«የዳሩን አልጋ ይነሳ ብለሽዋል፣ እሱ ገና ነው፤ ለነገ ይደር። አንቺስ ቁርስ በላሽ?»