የአልጋ ሥር ፋርማሲ

በነርስ ተማሪዎቹ ማደሪያ፣ በምብራት አልጋ ሥር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ከበሽተኛ የተረፈ ክኒን ወደ መድኃኒት ክፍል መመለስ ሲገባው፣ ልጃገረዶቹ በሽርጣቸው ኪስ ይዘውት እየመጡ እዚያ ይጨምሩታል። «ፋርማሲያችን» ይሉታል። ራሷን ያመማት ቆርቆሮውን ትከፍታለች እንጂ ሐኪም ዘንድ አትሄድም። ደግሞም የሳምንቱን ትምህርት ከሕመማቸው ማወቅ ይቻል ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በተማሩ ሳምንት ማደሪያው በሙሉ ሲያስል ሰነበተ፤ የኩላሊት ተራ ሲደርስ ሁሉም ወገቡን ይዞ ዞረ።

በወባ ሳምንት ምብራትን ብርድ ብርድ አላት። ከሥላሴ ስትመለስ ዝናብ ደብድቧት ነበር፤ ዝናቡን ግን ማን አስታወሰው?

«ተንቀጠቀጥሽ?» አለች የክፍል ጓደኛዋ የሺዓለም።

«ትንሽ።»

«በቃ፣ ወባ ነው።»

«ኧረ አንቺ! አዲስ አበባ ላይ የወባ ትንኝ ከየት መጣች?»

«በባቡር ተሳፍራ! ይልቅ ዋጪ። ለሲስተር ብትናገሪ አልጋ ታስይዝሻለች፤ ከዚያ ቆቡን እንጃልሽ።»

ቆቡ ነው ነገሩ። የሐሙሱን የተግባር ፈተና ያለፈች እሑድ ነጩን ቆብ ትደፋለች፤ የቀረች ደግሞ ከታናናሾቿ ጋር ዓመቱን ትደግማለች። አባቷ አቶ ገብረዮሐንስ የእሑዱን ነገር ለመሥሪያ ቤታቸው ሰው ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ምብራት ረቡዕ ማታ ከቆርቆሮው ሦስት የወባ ክኒን ዋጠች። እንዲፈጥንላት ብላ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ደገመች።

ወደ ሆስፒታሉ ሲወርዱ ፒያሳ እንደ ሕልም ሆነባት። የወርቅ ቤቶቹ መስኮቶች በጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ መሰላት። የጋሪው ፈረስ ጥጥ ላይ የሚራመድ ይመስል ኮቴው አይሰማም። ከባንኮኒው ኋላ የቆመ አንድ ሰው ሳቀ፤ አፉ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ከሁሉም በላይ ግን ደወል ነበር፤ ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ የማያቋርጥ።

«ጊዮርጊስ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለች።

የሺዓለም ዞር ብላ አየቻት። ደወል የሚባል ነገር አልነበረም።

ለፈተናው የደረሷት በሽተኛ እማማ ዐፊፋ ነበሩ፤ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅራቢያ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት። ምብራት ክንዳቸውን በደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ አሰረች፣ አየር ሞላች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ያው ደወል። እንደገና ሞላች። ደወሉ ብቻ።

«ልጄ፣ ክንዴን ልትወስጅው ነው እንዴ?» አሉ እማማ ዐፊፋ።

አስተማሪዋ ሲስተር ትርሓስ ከአጠገባቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ከአልጋው ግርጌ የተሰቀለው ወረቀት ላይ የጠዋቱ ቁጥር አለ፤ መቶ ሠላሳ። መስማት ያቃታት ተማሪ እሱ ላይ ሁለት ጨምራ ትጽፋለች፤ ያላደረገች የለችም። ምብራት እርሳሱን አነሳች። ቀና ስትል እማማ ዐፊፋ ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ አምነዋታል። እርሳሱን መልሳ አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ አልሰማም። ጆሮዬ ይጮኻል። የወባ ክኒን ውጫለሁ።»

«ማን አዘዘልሽ?»

«እኛው።»

ሲስተር ትርሓስ ማዳመጫውን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሐኪሙን ጠሩ፤ ቁጥሩ ከሁለት መቶ በላይ ነበር።

እማማ ዐፊፋ መርፌ ተወግተው እንቅልፍ ሲይዛቸው፣ ሲስተር ምብራትን ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት።

«መቶ ሠላሳ ብትዪኝ አምንሽ ነበር» አሉ። «ቆቡ ለከርሞ ነው። ቆርቆሮውን ዛሬውኑ አምጪልኝ።»

እሑድ ጓደኞቿ ነጭ ለብሰው ወደ አዳራሽ ሲሄዱ፣ አቶ ገብረዮሐንስም ከቤታቸው ሳይወጡ ሲውሉ፣ ምብራት በእማማ ዐፊፋ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደወሉ ሄዷል። በጆሮዋ የቀረው ጸጥታ ሰፊ ነበር።

«ዛሬስ ይሰማል?» አሉ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ዘርግተው።

አየሩን ቀስ ብላ ለቀቀች። ከሩቅ፣ ዳገቱን ከድልድዩ ተነስቶ እንደሚወጣ ሰው እርምጃ፣ ዱብ ዱብ የሚል ነገር መጣ።

«ይሰማል፣ እማማ።»

«ምን ይላል?»

«ዝም ይበሉ፤ እየቆጠርኩ ነው።»